ያልተጠረገው ካንዴላ

አንድን ሰው ሌባ ብሎ ለመጥራት ምን ያህል ማወቅ ይበቃል? ይህ ጥያቄ ወደ እኔ የመጣው ከሕግ መጽሐፍ አይደለም፤ ከችሎት አዳራሽም አይደለም። የመጣው ከአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ነው። ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ግን አልለቀቀኝም። አንባቢ ሆይ፣ የሞተር ወሬ የሚያሰለችህ ከሆነ ጥቂት ታገሠኝ፤ ነገሩ የሞተር ብቻ አይደለምና።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። የተሠራችው በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን አባቴ ሁለተኛ እጅ የገዛት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የዚህች ዓይነቷ ቮልስ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ በዓለም ላይ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር። ለእኛ ቤት ግን አንዲት ብቻ ነበረች። አባቴ ሲያርፍ እሷ ለእኔ ደረሰችኝ። እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝና ሌላ መኪና የመግዛት ሐሳብ የለኝም። እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰውም በእሷው ነው።

ሕመሟ የጀመረው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሀር ተነሥቼ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ስወጣ በመካከል አቅም አጣች፤ ተንገጫገጨች። ቆማ ስትሠራም ሚኒሞዋ ተበላሸ፤ ጥቂት ትሠራና እንደሚያስነጥሰው ሰው ትርገፈገፋለች። በጋራዥ ቋንቋ ‹‹ሚስ ታደርጋለች›› ይባላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ሙቀጫ ዙሪያ ቆመው ተራ በተራ የሚወቅጡ አራት ሰዎች ማለት ነው። የቮልስ ተራ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። አንዱ ዘነዘናውን ሳያሳርፍ ተራውን ከዘለለ ምቱ ይሰበራል፤ የቀሩት ሦስቱም የእሱን ሸክም ጭምር ተሸክመው ይወቅጣሉ። ሥራው አይቆምም፤ ግን ያነክሳል።

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ቴስታታ። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ የተማርኳቸው ኪሴ እየተራቆተ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ባለቤት ሞተሩን አስነሥቶ ለአፍታ አዳመጠና ‹‹ካንዴላ ነው፤ ለውጥ›› አለኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ አራት አዲስ ካንዴላ ገዛሁ። ተገጠመ፤ ተሻላት። በአራተኛው ቀን ተመለሰባት። ‹‹እንግዲያው ፑንቲና ነው፤ ኮንደንሰሩም አርጅቷል›› ተባልኩ። ተለወጠ፤ ለጥቂት ቀናት ተሻላት፤ ደግሞ ተመለሰባት። ‹‹ቦቢና›› ተባለ። እሱም ተለወጠ። ሁልጊዜ ሻል ይላታል፤ ሁልጊዜ ይመለስባታል። በእያንዳንዱ ጥገና ካንዴላዎቹ እየወጡ ይጸዱ እንደነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ከመሻሏ ጋር አላያያዝኩትም።

ካንዴላዎቹን የሚያጸዳው አንድ ረዳት ነበር። ዐሥራ ስምንት ወይም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው። እጁ በዘይት የጠቆረ፣ ሲጠሩት ‹‹አቤት›› ብሎ የሚሮጥ፣ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ፊቱን በክርኑ የሚጠርግ።

በአራተኛው ምልልሴ ትዕግሥቴ አለቀ። ‹‹የገዛኋቸውን ካንዴላዎች አውጥታችሁ አሳዩኝ›› አልኩ። አወጡና በጨርቅ ላይ ደረደሩልኝ። ሦስቱ ጫፋቸው ደረቅና ቡናማ ነው። አንዱ ግን ጥላሸት የለበሰ፣ ጥቁር፣ አሮጌ የሚመስል ነው። ነገሩ ሁሉ ባንድ አፍታ የተገለጠልኝ መሰለኝ። አዲሱን ካንዴላ ወስዶ አሮጌ ተክቶልኛል! በጋራዥ ደጃፍ የሚወራው ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ኦሪጅናል ዕቃ አስገብተው አሮጌ ይዘው የተመለሱ ሰዎች ታሪክ። ‹‹ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር›› ሲባል አድገን የለም እንዴ?

‹‹የእኔ ካንዴላ የት አለ?›› አልኩት ልጁን፣ ሌሎች ደንበኞች እየሰሙ።

‹‹ጋሼ፣ ይኸው ነው እኮ። የሦስተኛው ሁልጊዜ ነው የሚጠቁረው። ይጠረግና ይዩት።››

‹‹ልታስተምረኝ ነው? ሰርቀህ ደግሞ ልታስተምረኝ?››

የጋራዡ ባለቤት በደንበኞቹ ፊት አፈረ። ልጁን አንዳች ነገር አልጠየቀውም። ‹‹ዕቃህን ያዝና ውጣ›› አለው። ልጁ ቱታውን አውልቆ አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወጣ። ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ አዲስ ካንዴላ አስመጥቶ አስገጠመልኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ጥቁሩን ካንዴላ ‹‹ኤግዚቢት ነው›› ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ በመኪናዬ ኪስ ውስጥ አኖርኩት።

መኪናዋም ዳነች! ቸርችልን እንደ ጎረምሳ ወጣችው። ‹‹ይኸው!›› አልኩ በልቤ፤ ‹‹ሌባው ሲወጣ ሞተሩ ተስተካከለ።›› ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

በአምስተኛው ቀን ሚሱ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው ወደ አንድ የአባቴ የቆየ ወዳጅ የሄድኩት። በግቢያቸው ውስጥ ከቮልስ በቀር ሌላ መኪና የማይነኩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። የለወጥኳቸውን ዕቃዎች ዝርዝር በምሬት ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ‹‹ልጄ፣ ለመኪናዋ ብዙ ገዝተህላታል፤ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅሃትም›› አሉኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። ሞተሩን አስነሡና የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሰው ሰኩ። የመጀመሪያውን ሲነቅሉት ሞተሩ ይበልጥ አነከሰ። ‹‹ይሄኛው ይሠራ ነበር ማለት ነው›› አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅሉት ግን ምንም ለውጥ የለም። ሠራተኛ ቀርቶ ጉድለቱ ካልታወቀ፣ ቀድሞም አይሠራም ነበር። ቀጥለው የሦስተኛውንና የአራተኛውን ካንዴላ አቀያየሩ። ‹‹ጥፋቱ የካንዴላው ከሆነ ከካንዴላው ጋር ይሄዳል። የቦታው ከሆነ ግን እዚያው ይቀራል።›› እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ። ገመዶቹን አቀያየሩ። አሁንም እዚያው ቀረ። እስከዚህ ድረስ አንዲት ሳንቲም አላወጣንም፤ የተነካውም ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሷል።

በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠሙ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ሲያሳዩ የሦስተኛው መርፌ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ‹‹ቫልቭ ነው›› አሉ። እኔም የያዝኩትን ኤግዚቢት አውጥቼ የልጁን ታሪክ ነገርኳቸው፤ አድናቆት ሳልጠብቅም አልቀረሁ። ካንዴላውን ተቀበሉኝ፤ ቤንዚን አስነክተው በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። ጥላሸቱ ሲለቅ በነጩ ሸክላ ላይ የታተመው ምልክትና ቁጥር ወጣ። ከሦስቱ ካንዴላዎች ምልክትና ቁጥር ጋር አንድ ነው። ክሩ ገና ያብለጨልጫል።

‹‹ይህ አሮጌ አይደለም›› አሉ፤ ‹‹በታመመ ሲሊንደር ውስጥ ያደረ አዲስ ነው። ቤንዚኑ በወጉ ሳይቃጠል ሲቀር ጥላሸቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።››

ልጁ ያለው ቃል በቃል ይኸው ነበር። ‹‹ይጠረግና ይዩት።›› ካንዴላውን አራት ጊዜ በእጁ ያጸዳው እሱ ስለነበረ፣ ሁልጊዜ የሚጠቁረው ሦስተኛው መሆኑን ከባለቤቱም ከእኔም ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ የሕመሙን ምልክት ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም አባረርነው።

የቀረውን ባልናገር በወደድኩ፤ ግን ሳይነገር ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። የቮልስ ሞተር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። ሽማግሌው አወረዱት፤ ቴስታታውንም ፈቱ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዟ ተበልቶ አየሁ። ምክንያቱን አስረዱኝ። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በቫልቯና በምትገፋት መዶሻ መካከል 0.15 ሚሊሜትር የምታህል ክፍተት መኖር አለባት። መኪናዋ ስትሠራ ክፍተቷ ቀስ በቀስ ትጠባለች። ፈጽማ ከጠፋች ቫልቯ በመቀመጫዋ ላይ ደኅና አድርጋ አትዘጋም። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቷን በአብዛኛው የምታስተላልፈው በመቀመጫዋ በኩል ነው፤ ካልተቀመጠች አትቀዘቅዝም፤ ካልቀዘቀዘች ትቃጠላለች። በተለይ እንደ እኔዋ ባሉት በቀድሞዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድ እሱ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ ያዛወረው በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላይ ነው።

‹‹የምትንጫጫ ቫልቭ አትጥላ›› አሉኝ ሽማግሌው፤ ‹‹ክፍተት አላት ማለት ነው። ዝም ያለችውን ፍራ።››

አባቴ በየጊዜው፣ እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ካርቶን አንጥፎ ይተኛና በታች በኩል በሽቦ ማቀፊያ የተያዘውን የቫልቭ ክዳን ይከፍት ነበር። በስስ የብረት ምላጭ ክፍተቷን ይለካል፤ ያስተካክላል። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ግድም የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ መኪናዋን ከተረከብኩ ጀምሮ አንድም ቀን አልከፈትኩትም። እንዲያውም ባለፈው ክረምት ለወዳጆቼ ‹‹አባቴ ከያዛት ይልቅ በእኔ እጅ ድምፅዋ ቀንሷል፤ ሞተሯ ጸጥ ብሏል›› እያልኩ እኮራ ነበር። የኮራሁበት ጸጥታ የቃጠሎዋ መጀመሪያ ነበር። ወንጀለኛ ይፈለግ ከተባለ፣ እነሆ ተገኘ፤ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። ለብረቱ የተሰጠው ፍርድ ለልጁ ከተሰጠው ፍርድ ለምን የተሻለ ሆነ? ሽማግሌው ካንዴላውን ጠርጥረው ነበር፤ ገመዱንም ጠርጥረው ነበር። ነገር ግን አንዱንም ሳይፈትኑ አልጣሉም። ጥፋቱ ከማን ጋር እንደሚሄድ ለማየት አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ የአንድን ነገር ምክንያት ለማወቅ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሁኔታዎች በሁሉም ተመሳስለው በአንድ ነገር ብቻ ሲለያዩ፣ የውጤቱ ልዩነት የሚመነጨው ከዚያው ነው። ሽማግሌው ሚልን አያውቁትም፤ አልጎደለባቸውም። እኔ ግን ልጁ በወጣበት ቀን ሁለት ነገር ነው የለወጥኩት፤ ልጁ ወጣ፣ አዲስ ካንዴላም ገባ። መኪናዋ ስትሻል ምስጋናውን ለካንዴላው ሳይሆን ለመባረሩ ሰጠሁት።

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይመስለኝም። በቀድሞ ጊዜ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይጠጣና በወገቡ ታስሮ፣ ሰው ከኋላ ይዞት፣ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። አውጫጭኝ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ የአገሬው ሰው ወንጀለኛው እስኪታወቅ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ቢውልም ሰው ይጠየቃል፣ ቃል ይሰማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ደንግጓል። እኔ ግን በዚያ ጋራዥ ግቢ ውስጥ የቆምኩት ከሌባ ሻይ ዘመን ነው። ቁጣዬን ጠጥቼ ተንገዳገድኩ፤ የወደቅሁትም ድምፁ በማይሰማው፣ ጠበቃ በሌለው፣ ከሁሉ በታች በቆመው ልጅ ላይ ነው። ባለቤቱ ላይ አልወደቅሁም። በራሴ ላይማ እንዴት ብዬ!

የባሰው ደግሞ ሙያዬ ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር ‹‹ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ›› የምትለውን ተረት መምህራችን ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ጽፈው ለወራት አላጠፏትም ነበር። የተወነጀለ ሰው የሚለውን ሳትሰማ አትጻፍ ተብያለሁ። በጽሑፍ አደርገዋለሁም። በአፍ ግን አላደረግሁትም። ሰው የተማረውን ደንብ ለቢሮው ትቶ ወደ ጋራዥ ባዶ እጁን ይሄዳል ማለት ነው?

እርግጥ ነው፣ አንባቢ አንድ ነገር ሊለኝ ይችላል። ‹‹ዕቃ የሚለውጥ ጋራዥ የለም ወይ? መጠርጠርስ ኃጢአት ነው ወይ? ሙሉ ማስረጃ እስኪገኝ የሚጠብቅ ሰው ተዘርፎ ያልቃል።›› ትክክል ነው። ዕቃ የተለወጠበት ሰው አውቃለሁ። ጥርጣሬንም አልኮንንም፤ ሽማግሌው መካኒክ ከእኔ ይበልጥ ተጠራጣሪ ናቸው፤ አዲስ የተገዛ ካንዴላን እንኳ አያምኑም። ልዩነታችን ጥርጣሬውን ይዘን በምንሄድበት አቅጣጫ ላይ ነው። እሳቸው ጥርጣሬያቸውን ወደ ፈተና ይወስዱታል፤ እኔ በቀጥታ ወደ ፍርድ ወሰድኩት። በመካከሉ የነበረው ሥራ ደግሞ ካንዴላውን በጨርቅ መጥረግ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላም አለ። ሥራቸውን የሚጀምሩት መልሶ መግጠም ከሚቻለው ነው። ገመድ ተነቅሎ ይሰካል፤ ካንዴላ ወጥቶ ይገባል። ሞተር ማውረድና ቴስታታ መፍታት የመጨረሻው ነው። በሰው ነገር ግን ይህ ደንብ ከብረቱ ይልቅ ጥብቅ መሆን የሚገባው ይመስለኛል። ብረትን መጠርጠር ብረቱን አይጎዳውም። ሰውን በሰው ፊት ‹‹ሰርቀሃል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ግን ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጥያቄው ራሱ ቅጣት ነው። መልሱ ‹‹አልሰረቅሁም›› ቢሆንም፣ እውነት ቢሆንም፣ የሰሙት ሰዎች ይዘውት የሚሄዱት ጥያቄውን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ቢመረመር የማይጎዳው ነገር ነው፤ ካንዴላው፣ ደረሰኙ፣ የራስ ቸልተኝነት። የሰው ስም መጨረሻ ላይ ነው መነካት ያለበት። እኔ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የማይመለሰውን አስቀድሜ አወረድኩ።

ወደ ጋራዡ ተመለስኩና ለባለቤቱ እውነቱን ነገርኩት። ካንዴላውንም አሳየሁት። አዳመጠኝና ‹‹ይሁን፤ ግን እሱን መመለስ አልችልም። አንዴ በደንበኛ ፊት ስሙ ተነሥቷል›› አለኝ። ልከራከረው አልቻልኩም። ስሙን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ልጁን ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ጎማ እየፈታ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። አሁን እዚህም ስሜን ሊያነሣ መጣ ብሎ እንደ ፈራ ገባኝ። ፈጥኜ ‹‹ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፤ ካንዴላው የእኔው ነበር›› አልኩት። ጎማውን አስቀመጠ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፦

‹‹ታዲያ ምን ሆና ኖሯል?››

‹‹ቫልቭ።››

‹‹የሦስተኛው? የጭስ ማውጫው?››

‹‹አዎ።››

ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ዝም አለና ‹‹እዚያ ጋራዥ ያስገባኝ አጎቴ ነበር›› አለኝ፤ ‹‹ዋስ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ አልገባሁም። ጋሼ፣ ለእሱ ይንገሩልኝ።››

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። አጎትዬው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ለልጁ ሰላምታ አልሰጡትም፤ ለእኔ ግን ወንበር አስመጡልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቫልቩን ሳልከፍት ያሳለፍኩትን ጊዜ ጭምር ነገርኳቸው። ከኪሴ የተጠረገውን ካንዴላ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስለ ሞተር የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ወደ ብርሃኑ አቅርበው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ‹‹እሺ፤ ሰማሁ›› አሉ። ማመናቸውን ወይም ለእንግዳ አክብሮት ማለታቸው መሆኑን ከፊታቸው ላነብ አልቻልኩም። ልጁ አሁንም ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ ነው። ሽማግሌው ካንዴላውን መለሱልኝና ወደ ውስጥ ተጣርተው ‹‹ቡና አፍሉ፤ ለሦስት ሰው›› አሉ።